በስሟ የጠራኋት ቀን

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ይፍረዱን ብለው መጡ። በስልክ የሚወያዩበት መድረክ አላቸው፤ ግማሾቹ ሰው ሁሉ በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ ይላሉ፣ ግማሾቹ በብዕር ስም ይሁን ባይ ናቸው። "ቲቸር፣ እርስዎ ያሉትን እንቀበላለን" አለችኝ አንዷ። ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው።

በእነሱ ዕድሜ ብጠየቅ መልሱ ከአፌ አይዘገይም ነበር። መካነ ሰላም የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ የአካባቢው ወጣቶች በኢንተርኔት የምንወያይበት መድረክ ነበረን። ከገበያው በላይ ወዳለችው ኢንተርኔት ቤት፣ የሰኔ ጭቃ ጫማችን ላይ ተጣብቆ፣ ተራ ጠብቀን እንገባለን። ገጹ እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ያልቃል። እኔ የምጽፈው ሁልጊዜ በስሜ፣ ከነአባቴ ነበር። "የሚያፍርበት ነገር የሌለው ሰው ለምን ይደበቃል?" ብዬ ጽፌ ብዙዎች አድንቀውኛል። ምን የምደብቀው ነገር ነበረኝና ነው!

ሰዓዳ የከላላ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እናቷ ጭኮ ሲልኩልን የገብሱና የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ይሰነብታል። እኔ በጾም ላይ ከሆንኩ ድርሻዬን ከድና እስክፈታ ትጠብቀኝ ነበር።

የሚጥል በሽታ እንዳለባት ያወቅኩት አንድ ጠዋት ደብተሯን እንደያዘች በሩ ሥር ስትወድቅ ነው። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው በሩ መዘጋቱን ነበር።

"ለማንም እንዳትነግሪ። ወላሂ ሰው ከሰማ አለቀልኝ" አለችኝ። አገሯ ላይ ለአንድ ነጋዴ ታጭታ ነበር። ማልኩላት።

ፈተና ሲቃረብ፣ "ሐረግ" በሚል ስም የምትጽፍ ልጅ መድረኩ ላይ ስለዚሁ በሽታ ጠየቀች። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው ወይ? መውለድስ ይከለክላል? መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላለች፦ "አብራኝ የምትኖር ልጅ አለች። በወደቅኩ ቀን እግሬን ስታሽልኝ ነቃሁ። እህት ብትኖረኝ ከዚህ በላይ አታደርግልኝም።"

እንባዬ መጣ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ! ሰው ሁሉ ይህን እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ፤ ይህንን ለራሴ ያመንኩት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። "አብሽሪ ሰዓዳዬ፣ እኔ ምንጊዜም አብሬሽ ነኝ" ብዬ ከነሙሉ ስሜ ላክሁት። መልሼ ሳነበው ክው አልኩ። ላጠፋው ስል መብራት ሄደ።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው። እስከዚያ የእጮኛዋ እህት ከሌላ ከተማ ሆና አንብባዋለች። ሳምንት ሳይሞላ እጮኝነቱ ፈረሰ። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅም ወንበር ቀየረች።

ሰዓዳ አልጮኸችብኝም። ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ፣ "ላጽናናሽ ብዬ እኮ ነው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ስሙ የኔ ነበር" አለች። "ስፈልግ እኔ እናገረው ነበር። አንድ ቀን እናገረው ነበር እኮ።"

ሳትፈተን በወረኢሉ በኩል በአውቶቡስ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር። በሽታዋን ደብቃ ተቀጠረች። መድኃኒቷ ሲያልቅባት የሰው ቤት ምድጃ ላይ ወደቀች። ፊቷና ቀኝ እጇ ተቃጥሎ አገሯ መለሷት።

ሁለት ጊዜ ከላላ ድረስ ሄጄ ነበር። እናቷ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ ቆመው፣ "ውሃ ልስጥሽና ሂጂ ልጄ፤ ልታይሽ አትፈልግም" አሉኝ።

አምና ለፈተና ጥበቃ እዚያው ተመድቤ በገበያ ቀን ከሩቅ አየኋት። ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ በግራ እጇ ሽንኩርት ትመርጣለች። ጭነት ያዘሉ በቅሎዎች በመካከላችን አለፉ። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ገበያው በሰው ተሞልቷል። ስሟ ከአፌ አልወጣ አለኝ። የገዛችውን ይዛ እስክትሄድ ቆሜ አየኋት።

ከብዕር ስም ጀርባ ሆኖ ሰው የሚያዋርደውን ስንቱን አይቻለሁ፤ በስም ይጻፍ የሚሉትም እውነት አላቸው። ሆኖም ይህ ሲወሰን ጥያቄዋን ይዛ ዝም የምትለዋን ልጅ ማን ያያታል? ለተማሪዎቼ ታሪኩን ልነግራቸው አስቤ እሱንም ፈራሁ። እዚህ ሰዓዳ ያልኳትም እውነተኛ ስሟ አይደለም። አሁን ብደብቀው ምን እንደሚጠቅማት ግን እንጃ።