በደል በዐረብኛ፣ በደል በአማርኛ

«እኔና ሐቦባ ዓርብ ዕለት በደል ልንፈጽም ነው!»

የልጅ ልጄ ይህን ያለችው በራፋችን ላይ ለቆመችው ጎረቤታችን ነው፤ ፊቷ በደስታ በርቶ። ጎረቤታችን የጎንደር ሴት ናት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አማተበች።

«በማን ላይ ነው ልጄ?»

«በአንድ የአርካዊት ሰውዬ ላይ። ነጭ መኪናውን ልንወስድበት ነው።»

«በስመ አብ! ደግሞ በዓርብ!»

እጄ ሳሙና እንደሆነ ከጓዳ እየሮጥኩ ወጣሁ። ልጅቷ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ያነክሳል። እኔን እንኳ የምትጠራኝ ሱዳኖች አያታቸውን እንደሚጠሩት ሐቦባ እያለች ነው። ዐረብኛው ደግሞ ዕቃን በዕቃ መለወጥን «በደል» ይለዋል። እሷ ስልኳ ላይ «ለሽያጭ ወይም ለበደል» የሚል ማስታወቂያ አነበበች፤ ቃሉን እንዳለ አንስታ አማርኛዋ ውስጥ ዶለችው።

«ልዋጭ በሉ እንጂ!» አለች ጎረቤታችን ነገሩ ሲገባት። «እኔማ ይቺ ሴትዮ በስተርጅና ሸፈተች ብዬ ነበር።»

«መሸፈቱስ አያቅተኝም። መኪናዋን ግን በልዋጭ ነው የምናመጣት» አልኳትና ሦስታችንም በሩ ላይ ተያይዘን ሳቅን።

ያን ጊዜ ቀይ ስፖርት መኪና ነበረችን። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ተጣብቃ የምትሄድ፣ ስትነሳ የሰፈራችንን የጀብራን ሰው ሁሉ ከደጁ የምታስወጣ። ለብዙ ዓመት ወጥ የሠራሁለት ቤተሰብ ልጅ ወደ ዱባይ ሲሄድ ለእኔና ለልጅ ልጄ ሸጠልን። ሰው ሳቀብን። አሮጊትና ኮረዳ በስፖርት መኪና! እኛ ግን አስበንበት ነበር። ካርቱም ውስጥ ሙሽራ ያለ ያማረ መኪና ከቤቷ አትወጣም። ሙሽራዋን ሴት ብትነዳላት የሚመርጥ ቤተሰብም ብዙ ነው። ልጅቷ ትነዳለች፣ እኔ ሪባኑንና አበባውን አስራለሁ። ሐሙስና ዓርብ ሥራ አጥተን አናውቅም። ነዳጅ ለመቅዳት ሰው ገና ሰልፍ ላይ የማያድርበት ዘመን ነው።

የቀይዋ ጉድለት ጣሪያዋ ነው። ሙሽራ መታየት ትፈልጋለች። ፀጉር ቤት ስትንገላታ ውላ፣ እጅ እግሯ በሂና ተስሎ፣ መጨረሻ ላይ ዝግ ቆርቆሮ ውስጥ ስትገባ ማን ያያታል? አንዷማ አልቻለችም። በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጥታ እጇን ስታውለበልብ፣ እንዳትወድቅ እኔ ከኋላ ወንበር ቀሚሷን ጨብጬ ሰፈሩን ዞርን።

ስለዚህ ያቺን ጣሪያዋ የሚገለጥ ነጭ መኪና ስልኩ ላይ ስናይ ሁለታችንም አበድን። ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ ነው፤ ወንበሮቿ ቡናማ ቆዳ። «ሙሽራዋን እዚህ!» «አበባውን እዚህ!» እየተባባልን ስልኩን ተነጣጠቅን። እኔ የሃቡቡን ነገር አነሳሁ። ያ አቧራ ከበረሃ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ ክፍት መኪና ምን ይውጣታል?

«ሐቦባ፣ ያኔማ እንዘጋታለን!»

የጠየቅኩት መልሱን ከአፏ ለመስማት እንጂ ፈርቼ አልነበረም። ልቤ ሄዷል።

ቅር ያለኝ ሰውየው ነው። በስልክ ስናነጋግረው «መኪና በመኪና፣ ምንም አትጨምሩም» አለ። ነጯ ከቀይዋ በዕድሜ ታንሳለች፣ በመልክም ትበልጣለች። ሰው የሚበልጠውን ሰጥቶ የሚያንሰውን የሚወስደው ወይ ቅዱስ ሲሆን ነው፣ ወይ ዕቃው የራሱ ሳይሆን ሲቀር። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ሁለት ጆሮዋን ያዘች።

«ዐለይኪ አላህ፣ ሐቦባ! እዚያ ስንደርስ ዝም ትያለሽ። እንዲህ ያለ መኪና ሁለተኛ አናገኝም። ቃል ግቢልኝ።»

ዐለይኪ አላህ ማለት በእግዜር ይሁንብሽ ማለት ነው። «እሞክራለሁ» አልኳት እንጂ ቃል አልገባሁም።

ዓርብ ቀይዋን አጥበን፣ ወልውለን፣ አርካዊት ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ሰውየው ሠላሳውን ብዙም ያላለፈ ነው፤ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ሽቶውን ተርከፍክፎ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በር ከፈተልን። ነጯ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ልጅቷ ክንዴን ጨመቀችው። በፎቶ ካየናት ትበልጥ ነበር።

«ያ ሐጃ! እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ።» ሱዳን ትልቅ ሴትን ሁሉ ሐጃ ይላል። ክርስቲያን ነኝ፣ መካን በቴሌቪዥን እንኳ በቅጡ አላየሁም፤ ቢሆንም ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

የቀይዋን ሞተር አስነሳ። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው ግቢው ተናወጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ወላሂ፣ ይህን ድምፅ!»

«ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ትንገጫገጫለች» አልኩት። «ፍሪሲዮኗን እስከ ጥጉ ካልረገጥክ እሺ አትልህም። የቀኝ በሯ ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም። ሰው ከውጭ መክፈት አለበት።»

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። «ሐቦባ» አለችኝ በአማርኛ፣ «አንቺ ሻጭ ነሽ ወይስ ከሳሽ?»

«አብሬሽ የመጣሁ አያትሽ ነኝ።»

ሰውየው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ይህንንም አልወደድኩለትም። የራሱን መኪና የሚለውጥ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቢያንስ ጎንበስ ብሎ በሩን ይሞክራል።

ከዚያ የነጯን ጣሪያ ሊያሳየን ገባ። አንዱን ቁልፍ ተጫነ፣ የለም። ሌላውን ተጫነ፣ የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ። ወጣ፣ ሸራውን ጎተት አደረገ፣ ተመልሶ ገባ። ላቡ ይወርድ ጀመር። ይኼኔ ከቤቱ መስኮት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሴት ድምፅ ጮኸ።

«መጀመሪያ የግራውን መንጠቆ ፍታ! ከዚያ ቁልፉን ተጭነህ ያዘው! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

የግራውን መንጠቆ ፈታው። ሸራው ብድግ አለ፣ ለሁለት ታጠፈ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ሄዶ ተኛ። ፀሐይዋ ቡናማው ቆዳ ላይ ወረደች። ልጅቷ እልል አለች። ልዋሽ አልችልም፣ እኔም አብሬ እልል ብያለሁ።

እልልታዬን ስጨርስ ግን ጠየቅኩት። «ያቺ ሴት ማን ናት?»

«እህቴ ናት። አይስሟት።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የቤተሰብ ናት፣ ሐጃ።»

«ቤተሰብ በአንድ ወንበር አይቀመጥም። መሪውን ይዛ የምትነዳት ማን ነበረች?»

ልጅቷ ይኼኔ ነጯ ውስጥ ገብታለች፤ ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው። «ሐቦባ፣ ለእናቴ ነፍስ ብለሽ!» አለችኝ። እናቷ ልጄ ነበረች። ዝም ብል መኪናዋ የእኛ ናት፤ ቁልፉን ብቻ ተቀብሎ መሄድ ነው። ልጅቷ እንዲያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቼ ነበር። አፌ ግን የተፈጠረው ዝም እንዲል አይደለም።

«ስማ ልጄ» አልኩት ሰውየውን። «በእናንተ ቋንቋ በደል ማለት መለዋወጥ ነው። በእኛ ቋንቋስ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዙልም ነው። ግፍ። እኔ የመጣሁት ለእናንተው በደል ነው። ባለቤቷ ሳትጠየቅ መኪናዋ ከዚህ ግቢ ከወጣች ግን የእኛው በደል ይሆናል። እሱን ደግሞ ጎረቤቴ ከወዲሁ አማትባበታለች።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት እንደ ነጠላ የተከናነበችውን ቶቧን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ወጣች። ወንድሟን አልፋ እኔ ፊት ቆመች።

«እኔን የሚጠይቅ ሰው ስለተገኘ ልመልስ» አለች። «ባሌ ነው የገዛልኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ይሄ ወንድሜ ‹ባል የሌላት ሴት በክፍት መኪና ስትሄድ ሰው ያወራል› ብሎ ቁልፉን ወሰደ። እሱ ሲሄድባት ግን የሚያወራ የለም።»

«ለክብርሽ ብዬ ነው!» አለ ወንድምየው።

«ታዲያ ክብሯን ይዘህ በአባይ ዳር የምትበርረው አንተ ነህ?» አልኩት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገው።

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «ልጄ፣ መኪናሽ ናት። አልለውጥም ካልሽ ይቺን ኮረዳ ከወንበርሽ ላይ ነቅዬ እወስዳታለሁ፤ ብታለቅስም ቤቷ ታልቅስ። እለውጣለሁ ካልሽም አንቺ ነሽ የምትይው።»

ልጅቷ መሪውን አልለቀቀችም። በስፖኪዮው ዓይኗን አየሁት፤ እንባ ሞልቷል።

ሴትዮዋ ቀይዋን ዞረቻት። ኮፈኗን በመዳፏ ነካች። ፊቷን ወደ ጥቁሩ መስታወት አስጠግታ ውስጡን አየች። የቀኝ በሯን ከፍታ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ወንድሟ ማድረግ የነበረበትን ሁሉ አደረገች።

«ከውጭ ሲታይ ማን እንደሚነዳት አይለይም» አለች።

«ጨርሶ አይለይም» አልኳት። «ሙሽሮቹ የሚያማርሩትም ስለዚህ ነው።»

«እነሱ ይታዩ። እኔ በሰላም ገበያ ሄጄ፣ እናቴን አይቼ፣ ልመለስ።» ከዚያ ሳቅ አለች። «ድምፅዋ ግን ምሥጢር አይጠብቅም።»

«እሱን ተዪው፣ ድምፅ ስም የለውም!»

«ማርሽ እኮ አታውቂም!» አለ ወንድምየው ተስፋ እንዳገኘ ሰው። እውነቱን ነው። ነጯ አውቶማቲክ ናት፤ እሷም ማርሽ ነክታ አታውቅም። ሴትዮዋ ትንሽ ወደኋላ አለች።

ይኼኔ ነው ሚዛኑ የታየኝ። ነጯ ትበልጣለች ብዬ ከቤቴ ጀምሮ የጎረበጠኝ ነገር መልስ አገኘ። «ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እንኳ ምራቂ ትጨምራለች» አልኳት። «የአንቺ መኪና ይበልጣል፤ ምራቂ ይገባሻል። እስክትለምጂ ድረስ ይቺ ልጅ እየመጣች ማርሽ ታስተምርሻለች።»

ልጅቷ ከነጯ ውስጥ ዘላ ወጣች። «በየሳምንቱ እመጣለሁ! በሳምንት ሁለቴም እመጣለሁ! ሁለተኛ ማርሽ እንዴት እንደምትባበል እኔ ነኝ የማውቀው።»

ሴትዮዋ እጇን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። እሱም ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ብዙ ፈልጎ፣ እንደጠፋበት ሰው አስመስሎ፣ መጨረሻ ላይ የነጯን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖረው። እሷ ለልጅ ልጄ ሰጠች፤ የልጅ ልጄ የቀይዋን ለእሷ ሰጠች። «ኸላስ» አለች ሴትዮዋ፤ አለቀ።

«ትምህርቱን መቼ እንጀምር?» አለቻት ልጅቷ።

«አሁን።»

ወዲያው ሁለቱ ቀይዋ ውስጥ ገቡ። እኔን የልጅ ልጄ ረሳችኝ። ነጯ ውስጥ ገብቼ ትኩሱ ቆዳ ላይ ተቀመጥኩና ወንድምየውን አየሁት። እሱም አየኝ።

«ያላ፣ ግባ» አልኩት።

«እኔ?»

«እኔ መንዳት አልችልም። ሹፌሬን እህትህ ወስዳብኛለች።»

ትርፉን ቁልፍ ከቤት አምጥቶ ገባ። ያንንም ስንመለስ እንደምቀበለው ነገርኩት። ከግቢ ስንወጣ ቀይዋ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሁለቴ እንጣጥ ብላ ሞተሯ ጠፋ። ከኋላችን አንድ ባለሦስት እግር ራክሻ ጥሩንባውን አጮኸው። ወንድምየው በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ጀላቢያውን ያዝኩት።

«ተቀመጥ። አስተማሪ አላት።»

ተነሳች፣ እንደገና ጠፋች። በሦስተኛው ተነስታ ቀስ እያለች ወጣች። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ብረት በብረት ሲፋጭ እስከ እኛ ተሰማ፤ ወንድምየው ጥርሱን ነከሰ፣ እኔም ነከስኩ። ከዚያ ገባላት። ወዲያው ሦስተኛውም ገባ መሰለኝ፣ ቀይዋ አገሳችና ዋናው መንገድ ላይ ጥላን በረረች። የልጅ ልጄ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ስትጮህ ይሰማኛል።

«ያ ሰላም! ትታን ሄደች እኮ!» አለ ሰውየው። ወላሂ፣ እየሳቀ ነበር።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተከተላት!»

ነዳጁን ረገጠው። የካርቱም ትኩስ ንፋስ ፊቴን መታኝ። ነጠላዬ ከራሴ ተነስታ ልትበር ስትል አንገቴ ላይ ቋጠርኳትና፣ በሕይወቴ ሙሉ ጣሪያ በሌለው መኪና ተቀምጬ የማላውቀው ሴት፣ «ያላ! ያላ! እንዳትቀድማት ብቻ!» እያልኩ ትከሻውን እደበድበው ጀመር።