ተረካቢ ሳይመጣ

አያቴ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላ ነው። ሁሉም ደግነታቸውን ያወራል። ደግ ነበሩ፤ ነዝናዛም ነበሩ። ልሄድ ስነሳ ሁሌ «ተረካቢ መጣ?» ይሉኝ ነበር።

በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ልባቸውን የወሰደው ግን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ፍላይንግ ስኮትስማን የሚባለው የእንግሊዞቹ ባቡር ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ከለንደን ኤዲንብራ ሳይቆም መሄድ ሲጀምር፣ ነጂው የሚቀየረው ባቡሩ እየበረረ ነበር። ተረካቢው ከመንገደኞቹ ፉርጎ ተነስቶ፣ በከሰል መጫኛው ውስጥ በተሠራች ጠባብ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። «ያኛው ነጂ ተረካቢውን ሳያይ ንቅንቅ አይልም» ይሉኝ ነበር። ለእኔ መሆኑ ነው፤ ሥራ በጀመርኩ በወሩ ጥዬ የምወጣ ሰው ነኝ።

ሲታመሙ እዚህ በሰው አገር፣ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ከወንድሜ ጋር በየተራ እንጠብቃቸው ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘገየ፤ እኔ ሥራ ረፍዶብኛል።

«ሂጂ በቃ፣ ያባርሩሻል» አሉኝ።

«ተረካቢ መጣ እንዴ አባባ?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «በመጨረሻ ባቡረኛ ሆንሽ!»

እውነትም ተባረርኩ። አልቆጨኝም።

ትናንት ቤታቸውን ለማስረከብ ዕቃውን ጨርሰን አወጣን። ወንድሜ ታች መኪናውን አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ባዶው ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ አባባ እንደ ልማዳቸው እንዲጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነበር።