ከፍርዱ በኋላ

ዳኛው ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ቤት መዋል አቃታቸው። ባለቤታቸው፣ "ሰው ጡረታ ሲወጣ ጓሮ ይኮተኩታል፤ አንተ የኔን ወጥ ቤት ችሎት አደረግኸው" ሲሏቸው ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለድሃ በነጻ የሕግ ምክር በሚሰጥበት ቢሮ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ወደሳቸው የሚመራው ሁሉ የቤት ጣጣ ያለበት ነው። ሕጉን በቃላቸው ስለሚያነበንቡት ባለጉዳዮቹ "ጋሽ አንቀጽ" አሏቸው። ስሙን አልጠሉትም።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አከራይዋ ክፍሏን ለወንድሙ ሱቅ ሊያደርገው ፈልጎ፣ ውሉ ሳያልቅ ውጪ ብሏታል።

"ውል ካለሽ ማንም አያስወጣሽም፤ እኔ ነኝ የምልሽ" አሏት።

አቤቱታውን ራሳቸው ጻፉላት። ችሎት ፊት ድምጿን እንዳትውጥ እዚያው ቢሮ ውስጥ አቁመው አለማመዷት። በቀጠሮው ቀን ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ አንድ ቃል አልሳተችም። አከራዩ እንዳያስወጣት ተፈረደ። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ዳኛው በዳኝነት ወንበር ላይ ሳሉ ይህን አይተው አያውቁም፤ ያኔ ፈርደው ሲነሱ እሳቸው በአንድ በር፣ ባለጉዳዮቹ በሌላ በር ነበር የሚወጡት።

ቤቷን ሊያዩላት አብረዋት ሄዱ። ጎረቤቶች ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ስትከፍተው ክፍሉን ፀሐይ ሞልቶታል። የጣራው ቆርቆሮ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ተከምሯል፤ ሰው ያሰፋው ልብስ አቧራ ለብሷል።

አከራዩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ አታስወጣ ተባልኩ፤ አላስወጣኋትም። ቆርቆሮው ዝጎ ነው፣ ላድሰው ብዬ ነው።"

"መቼ ነው የምታድሰው?"

"እንደ አቅሜ ነዋ እንግዲህ።"

ሌላ ክስ እንደሚመሠረትበት ነገሩት። "ይክሰሱኝ፤ መብትዎ ነው" አለ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ። ሰማዩ እየጠቆረ ነበር።

"ልጄ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ። ይሄ እኮ ሕገ ወጥ ነው፤ አንቀጹ..."

"አባባ፣ አንቀጹንማ አስጠንተውኛል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን በላስቲክ እየሸፈነች። "አሁን በዚያ በኩል ይያዙልኝ። ሳይዘንብባት እህቴ ቤት ላድርሳት።"

ያዙላት። እየቆሙ፣ እያረፉ መንገዱን ወረዱ። በዘመናቸው ስንት ሰው ከቤቱ ይውጣ ብለው ፈርመዋል፤ የወጣ ሰው ዕቃ ግን እንዲህ ከብዷቸው አያውቅም።

አዲሱን ክስ መሠረቱ። ቀጠሮ ቀጠሮን ወለደ። የእህቷ ቤት ሩቅ ነው፤ ደንበኞቿም ስለተበተኑ እንጀራ ፍለጋ ላይ ታች ስትል ችሎት መቅረብ አልቻለችም። መዝገቡ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ በአዲስ ቆርቆሮ ተከድኖ ሱቁ ተከፈተ።

ዳኛው አንድ ጊዜ በዚያ ሲያልፉ የአከራዩ ወንድም ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ፀሐዩ ከረረ፤ ገባ ብለው ይረፉ" አላቸው።

ከሱቁ ጥላ ወጥተው፣ ፀሐዩን መርጠው ሄዱ።