የአራሷ ገብስና የዲዲቲው ዱቄት

የሞጣዋ ወይዘሮ ወለተ ሐና ኮሶ በማጠጣት የታወቁ ነበሩ። ጠጪውን ከራሱ እስከ እግሩ አይተው ነው የሚቀዱለት፤ ሲያንስ ትሉ አይወርድም፣ ሲበዛ ሰውየው ይወድቃል። በመጠን ነገር የሚያምኑት የገዛ ዓይናቸውን ብቻ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ልጃቸው ፈንታነሽ የበኩር ልጇን ልትወልድ ከቢቸና ወደ እናቷ ቤት መጣች። ለአራስነት ገንፎዋ ሁለት ጎታ ገብስ ተቀምጦላታል። አንዱ ነቀዝ ገብቶበት ነበር። ባሏ ገላው፣ በየግድግዳው የወባ መድኃኒት የሚረጨው፣ ሌላው እንዳይነቅዝ ብሎ ከሚረጨው ዱቄት፣ ከዲዲቲው፣ በጣሳ አመጣ።

"ነቀዝን የገደለ ሰውን ይምራል?" አሉት አማቱ።

"እሜቴ፣ እኔ ስረጨው ስንት ዓመቴ! ሞትኩ?"

"ፊትህን በመስተዋት አይተህ ታውቃለህ?"

ቢጠረጥሩም ነቀዝ ባልገባበት ጎታ ላይ ጥቂት ነሰነሱበት። ከመጠኑ ያነሰ ኮሶ ምንም አያደርግም፤ ይህም እንደዚያው መሰላቸው። ጥርጣሬው ግን አልለቀቃቸውም። ከወለጋ ተመድቦ ወደ መጣው የጤና መኮንን፣ ወደ አቶ ዲንሳ ሄዱ።

ዲንሳ በስንጥር መሬት ላይ መስመር አሰመረ። "ባሕር ማዶ አይጦችን ብዙ ዲዲቲ አብልተው ጉበታቸው ላይ ዕጢ አገኙ፤ ካንሰር የሚሉት ነቀርሳ ነው። በጥቂቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ስፍር ቁጥር የሌለው አይጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከላይ ካዩት ተነሥተው መስመሩን ወደ ታች፣ ወደ ጥቂቱ መጠን፣ ይስቡታል።"

የሒሳቡ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። መስመሩ እንደ ኮሶው ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ መጠን በታች ጉዳት የለም። ወይም በሣር ክዳን ላይ እንደሚወድቅ ፍንጣሪ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ፍንጣሪ ከስሞ ይቀራል፤ አንዱ ግን ቤቱን ሊያነደው ይችላል። ፍንጣሪው በግማሽ ሲያንስ አደጋውም በግማሽ ያንሳል እንጂ፣ አንድ እንኳ እስካለ ድረስ ጨርሶ አይጠፋም።

"የትኛው ነው እውነቱ?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና ሁለቱንም ሰምተው።

"አይታወቅም፣ እማማ። ለጥንቃቄ ሁለተኛውን የሚይዙ አሉ።"

"የታችኛውን መስመር ያየው ማነው?"

"ማንም።"

"ጠጪውን ሳያዩ የሚቀዱ ባለኮሶዎች!" ዲንሳ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "በሽታውስ መቼ ነው የሚወጣው?"

"ከመጣም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሃያም ሠላሳም ሊሆን ይችላል።"

ቤት ሲገቡ ወንፊት አንሥተው ነቀዝ ካለበት ጎታ ፊት ተቀመጡ።

"ለአራስ ነቀዝ የበላውን?" አለች ፈንታነሽ። "ጎረቤት ምን ይለኛል!"

"ነቀዙን አውቀዋለሁ፤ ይነፋል፣ ይለቀማል። ያኛውን አላውቀውም።"

ፈንታነሽ በሰላም ተገላገለች። ገንፎ ሊያገነፉ የመጡት ሴቶች እጃቸውን ነቀዝ ወዳልነካው፣ ዲዲቲ ወደ ተነሰነሰበት ገብስ ሲሰዱ፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጎታውን ተደግፈው ቆመው አገኟቸው።

"ይህ የአሮጊት እህል ነው" አሉ። "ለእኔ ሠላሳ ዓመት ማን ይሰጠኛል?"