የባትሪ ውሃ በሞጣ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዕለት ቢቸና ካምፓስ፣ ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ዶክተር ሐሰን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቹ ትዕግሥትና አበጀ፣ እኔም አዲሱ የላብ ረዳት ሙሉቀን። የላብ ሥራን የተማርኩት የመሣሪያ መመሪያ እያነበብኩ፣ በራሴ ነው።

ተማሪዎቹ የመጡት ላቡ ቅዳሜ እንዲከፈትላቸው ለመጠየቅ ነበር።

«ከክፍል ወጥተን ዶርም ነው የምንገባው» አለች ትዕግሥት። «መምህራኑም የሚያውቁን በመታወቂያ ቁጥር ነው።»

«ብርጭቆ ብትሰብሩስ?» አሉ ዶክተር ሐሰን።

«በትምህርት ሰዓትም እንሰብራለን እኮ፣ ዶክተር።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ዶክተር ትንሽ አሰቡና «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሞክሩ» አሉ። «ከዚያ ሞጣ ሄዳችሁ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙከራ ታሳያላችሁ። እኔም እመጣለሁ። ካላማረ ላቡ ቅዳሜ ይዘጋል።»

ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ የምናደርገው ዕቃ ማጠብ ነበር። ቢዩሬቱን፣ ረጅሙን የመስተዋት መለኪያ ቱቦ፣ በሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻ ተንኖ ከጨው በተጣራ ዲስትልድ ውሃ። ውሃው ወጥ ሆኖ ከወረደ ጸድቷል፤ ጠብታ ሆኖ መስተዋቱ ላይ ከቀረ ቅባት አለበት፣ እንደገና ይታጠባል። አበጀ «ሙሌ፣ አንተን ያገባች ሴት ሳህን ማጠቢያ አጠገብ አትደርስም» ይለኝ ነበር።

እየቆየ የመጀመሪያ ዓመት ልጆችም መምጣት ጀመሩ። ከቢሮ ሲወጡ ብቅ የሚሉ መምህራን ወንበር ስበው ይቀመጡ ጀመር። አንዱ መምህር ትዕግሥትን ለምርምሩ የውሃ ናሙና እንድትሰበስብ ወሰዳት።

ሞጣ የምንሄድበት ቀን ደረሰ። ነጫጭ የላብ ጋዋኖቹ ቦርሳ ውስጥ እንዳይጨማደዱ ብለው ልጆቹ ለብሰዋቸው አውቶቡስ ገቡ። ዲስትልድ ውሃውን በአዲስ ጀሪካን ሞልተን ከሹፌሩ ኋላ አስቀመጥን። ግንደወይን ላይ ጎማ ተነፈሰ፤ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ስንመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ፕላስቲክ ጠርሙሱን ታቅፏል።

«ልጆቼ፣ የየትኛው ደብር ጸበል ነው?» አሉ አንዲት እናት። «ሳናስፈቅዳችሁ ቀዳን፤ አትቀየሙን።»

«እማማ፣ የኬሚስትሪ ነው» አለ አበጀ።

«ደብሩን አላውቀውም። ብቻ ጉልበቴን አሸሁበት፣ ቀለል ብሎኛል። ተባረኩ!»

ሞጣ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቷል፣ ዶክተር ሐሰንም ቀድመውን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙከራው የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ከዲስትልድ ውሃ ጋር ማወዳደር ነበር። ማወዳደሪያው ግን የለም። የቅዳሜው ላብ አለቀለት አልኩ በልቤ።

የሞጣ ልጅ የሆነችው ትዕግሥት እጄን ያዘችኝ። «ሙሌ፣ አባቴ ጋራዥ ለባትሪ የሚጨምሩት ውሃ ዲስትልድ አይደለም እንዴ?»

«ነው! ግን አሲዱን እንዳይሰጡሽ፤ ያልተከፈተ የባትሪ ውሃ በይ።»

ጋዋኗን ሰብስባ ሮጠች። ስትመለስ በሙከራ ቱቦ ትንሽ ቀድቼ፣ ጨው ያለበትን ውሃ የሚያደፈርሰውን የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ጨመርኩ። ውሃው ጥርት ብሎ ቀረ። ዝምተኛው እኔ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

መድረክ ላይ የጉድጓዱ ውሃ እንደ አጓት ደፈረሰ፣ የቧንቧው ትንሽ፣ የባትሪው ምንም።

«የጉድጓዱ መርዝ ነው ማለት ነው?» አለ አንድ ተማሪ።

«አይደለም» አለች ትዕግሥት። «ይህ ሙከራ የሚያሳየን ጨው መኖሩን ነው። ይጠጣል አይጠጣም የሚለው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።»

ዶክተር ሐሰን ሲያልቅ ባዶውን ጀሪካን አነሱ። «ከቢቸና የመጣው ውሃ የታለ?»

«እሱ ጉልበት እየፈወሰ ነው፣ ዶክተር» አለ አበጀ።

ታሪኩን ስንነግራቸው መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። ከዚያ «የቅዳሜው ቁልፍ በትዕግሥት ስም ይሁን» አሉ።

ተማሪ ዲፓርትመንቱን የራሱ የሚያደርገው እዚያ የሚጠበቅበት ሥራ ሲኖረው ነው።

እኔ ዓይኔ ቱቦዎቹ ላይ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት ምን ይሉ እንደነበር አልሰማሁም። አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ጻፉልኝ፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።