ጣራው የመለሰው ጥርስ

«ጥርሴን ስጪኝ፣ ጣራ ላይ ልወርውረው።»

ዛሬ ቢቸና፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ መንጋጋዋን የነቀልኩላት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት ጥጥ እንደነከሰች እንዲህ ያለችኝ።

እናቷን «ምነው እስካሁን ሳታመጪያት?» ብላት፣ «የልጅ ጥርስ መስሎን ነዋ ዶክተር! ወልቆ ይበቅላል ብለን ተውነው» አለች።

አይበቅልም። ያ መንጋጋ ገና በልጅነት ቢወጣም የዕድሜ ልክ ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

የጥርስ መሙያ ቢኖረኝ አተርፈው ነበር። ካለቀ ቆየ። በጠየቅሁ ቁጥር «ሂደት ላይ ነው» እባላለሁ።

(ጋውኔ ላይ «የአፍ ጤና ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ገበያው የሚያውቀኝ «ጥርስ ነቃይዋ» በሚል ነው። ገበያው ልክ ነው።)

ሞጣ ያሳደገችኝ እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላ ትሸፍን ነበር። ይህን ሙያ የመረጥኩት ሌላ ሴት እንዳትሸፍን ብዬ ነው። ዛሬ ግን የማደርገው ሁሉ መንቀል ብቻ ሆነብኝ።

ጥርሱን አጥቤ ሰጠኋት። ግቢ ወጣን። እናቷ አንድም ነገር እንዳልሰማች ሆና «በይ ልጄ፣ አርቀሽ ወርውሪ!» አለቻት።

ወረወረችው። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ተንከባለለና እግሬ ሥር ወደቀ። ልጅቷ ሽቅብ እያየች ስለነበር አላየችም። ቶሎ ብዬ በጫማዬ ሸፈንኩት። እናቷ ግን አየችኝ።

አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ መጣል አቃተኝ።

እናንተ በየወረዳው ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንዲህ ካለ ቀን በኋላ ጠዋት በሩን በምን አቅም ነው የምትከፍቱት? እባካችሁ ንገሩኝ። ነገ እኔም መክፈት አለብኝ።