ሁለት እፍኝ ኮሶ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅረት ዳር በነበረች ትንሽ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ የአይጥ ጉበት እፈጭ ነበር። እንዲህ ስል ሰው ፊቱን ያኮማትራል፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ልጅቱ ተምራ ተምራ አይጥ አራጅ ሆነች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጠዋት አንዲት ነጭ አይጥ አርጄ፣ ጉበቷን በቀዝቃዛ የስኳር ውሃ አጥቤ፣ በመቀስ ከትፌ፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በቀስታ እፈጨዋለሁ። ከዚያ በሚሽከረከረው ማሽን መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በኃይል ሲዞር ከታች ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል። ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት እዚያ ዝቃጭ ውስጥ ናቸው። ገላችን ከበላው ምግብ ጉልበት የሚያወጣው በእነሱ ነው። በረዶ ላይ ተቀምጠው እንኳ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆዩም። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር አይጧም ቀኑም ከንቱ ቀሩ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ መብራት መሄድ ይወድ ነበር።

የምንለካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ካልሲየም ጠብ ሲደረግላቸው ምን ያህሉን ውጠው መያዝ እንደሚችሉ። ካልሲየም ሲያገኝ መልኩ የሚለወጥ ማቅለሚያ አለ፤ ጠብታው ሲገባ ይለወጣል፣ ሚቶኮንድሪያዎቹ ሲውጡት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጤነኞቹ አምስት ስድስት ጠብታ ይችላሉ። ሁለተኛው እብጠታቸው ነው። ካልሲየሙ ሲበዛባቸው ያብጡና የዋጡትን ሁሉ ይለቁታል። ሲያብጡ ድፍርሱ ፈሳሽ ይጠራል፣ ብርሃን ያልፈዋል፤ ብርሃኑን የሚለካው ማሽን ብዕርም በወረቀቱ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያቺ የምትወርድ መስመር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ኃላፊያችን ውጭ አገር የተማሩ፣ እጅግ ትሑት ዶክተር ነበሩ። አንድ ጠዋት ሕዝባችን ለሆድ ትል የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ጽፈው መጡ፤ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ኮሶ። ጉበት ይጎዱ እንደሆነ በዚሁ ዘዴ እንመርምር አሉን።

«ኮሶውን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ምክንያቴንም አልነገርኳቸውም።

ምክንያቴ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አስተማሪ ነበር፤ ሰውን ማሳቅ እንጂ መጥላት የማያውቅ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለመመለሱ እርግጠኛ ባልነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ቀበሌው አስተማሪዎቹን ለቅዳሜ ስብሰባ ጠራ። ባለፈው ቅዳሜ ከተጠሩት ሁለቱ እዚያው ተጋልጣችኋል ተብለው ተወስደዋል፤ ወሬያቸውም አልተሰማም። እናቴ ዘዴ አገኘች። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፣ ፀሐይ አይመታውም፣ እንግዳ አያነጋግርም፤ ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ የቀረበት ቦታ ሁሉ ማንም አይቀየመውም። ወንድም ጋሼ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ከእናቴ እጅ በእርግጥም ጠጥቶ ነበር። «ዛሬ ነው የጠጣው በያቸው» አለችኝና ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ሄደች።

አብዮት ጠባቂው መጣ። አብሮን ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ግን ሰላምታ እንኳ ከብዶታል።

«ወንድምሽ የታለ?»

«ኮሶ ጠጥቶ ተኝቷል።»

«መቼ ነው የጠጣው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እስቲ የጠጣበትን አምጪ።»

ዋንጫው ከሐሙስ ጀምሮ ታጥቦ ተደፍቷል። ጣቱን ውስጡ አዙሮ አየው፤ ደረቅ ነው። «ይኼ ዛሬ ኮሶ የነካ ዕቃ ነው?» አለ። «በሉ፣ ወይ እፊቴ ይጠጣ፣ ወይ ተነሥቶ ከእኔ ጋር ይሂድ።»

ወንድም ጋሼ ከውስጥ ሆኖ ሰምቶታል። «አምጪው፣ እጠጣለሁ» አለኝ፣ እንደ ቀልድ።

የደረቀውን የኮሶ አበባ ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩ። ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ ነው፤ እናቴም ሐሙስ ያደረገችው ያንኑ ነው። እኔ ሁለት አደረግኩ። ቀጠን ካለ ውሃ ነው ብሎ እንዳያፈሰው ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ወፍራምና ቀላ ያለ ሆነ። ወንድም ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አተላው ጨለጠው። ጠባቂው አፍህን ከፍተህ አሳይ አለው፤ አሳየው። ከዚያ ሄደልን። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰው ዋለ። እናቴ ከለቅሶ ከመመለሷ በፊት እጄን ይዞ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች» አለኝ። እሑድ ዓይኔ ጨለመብኝ አለ። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ስንለው «ምን ሆንክ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ተዉኝ፣ ይለቀኛል» አለን። ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተ።

እናቴ ደረቷን እየመታች ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሐሙሱ ኮሶ ነው! በገዛ እጄ!» እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር። መናገር ነበረብኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፣ ከአርባው በኋላ አልኩ፣ ከዓመቱ በኋላ አልኩ። እሷ በየወሩ በእግሯ እንጦጦ ራጉኤል እየወጣች ስትንበረከክ፣ ሥጋ ስትተው፣ ከሰው ስትለይ እያየሁ ሰባት ዓመት አፌን ቆልፌ ኖርኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ለዚህ የተሻለ ስም የለኝም።

እንግዲህ ቤተ ሙከራው ውስጥ የማን ጽዋ እንደገደለው ላውቅ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የእናቴ እንዲሆን እመኝ ነበር። አንድ እፍኙም ሁለት እፍኙም እኩል ቢያፈርሷቸው፣ ሐሙስ ዕለት አልቆለት ነበር ብዬ ላርፍ።

ኮሶውን በአልኮል ዘፍዝፌ አጣራሁ። መጀመሪያ አልኮሉን ብቻ ሞከርኩ፤ ሚቶኮንድሪያዎቹ ምንም አልሆኑም፣ አምስት ጠብታ ካልሲየም ውጠው ስድስተኛው ላይ አበጡ። የአንዱን እፍኝ ልክ ጨመርኩ። አምስተኛው ላይ አበጡ። እጥፉን ጨመርኩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ ማቅለሚያው ተለወጠና እንደተለወጠ ቀረ፤ ብዕሩም ቁልቁል ወረደ። ፈሳሹ ኩልል ብሎ ጠራ። ከቱቦው ማዶ የግድግዳው ቀለም ይታየኝ ነበር።

ውሃው ነው አልኩ። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም አለበት፤ ዕቃ በእሱ ከተለቀለቀ ሚቶኮንድሪያ በከንቱ ያብጣል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። አዲስ ውሃ አጣርቼ፣ ዕቃውን ሦስቴ አጥቤ፣ በማግስቱ ሌላ አይጥ አረድኩ። ያው ነው። በሦስተኛው ቀን መብራት እንዲሄድ ጸለይኩ። የዚያን ዕለት መብራቱ ውሎ አደረ! ካልሲየሙን የሚያስር ኬሚካል ስጨምር ደግሞ እብጠቱ ቀረ፤ ስሕተት ሳይሆን እውነተኛው እብጠት ነበረ ማለት ነው።

ዶክተሩ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ግሩም! እንዲህ የጠራ ውጤት በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው» አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ቱቦ ሰው አይደለም። ከሆድ ምን ያህሉ ወደ ደም እንዳለፈ አናውቅም። የሐሙሱ ባይቀድም የቅዳሜው ብቻውን ይገድለው እንደነበርም ይኼ ማሽን አይነግርሽም።»

ልክ ናቸው። እሳቸው ያሉትን ዛሬ እኔም ለተማሪ አስተምረዋለሁ። ግን እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበርና አወቅሁት።

የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ የባሕር ዛፉን ዳገት ወጥቼ ቤት ገባሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ተንበርክኬ ነገርኳት። ጠባቂውን፣ ደረቁን ዋንጫ፣ ሁለቱን እፍኝ፣ ወንድም ጋሼ አትንገሪያት ያለኝን። «በመሣሪያ ለክቼዋለሁ፣ እማዬ። አንድ እፍኝ ሰው አይገድልም። አንቺ አልገደልሽውም» አልኳት። ዶክተሩ ስለ ቱቦና ስለ ሰው ያሉትን ዋጥኩት። በምንም ነገር ሳይሸራረፍ ነጻ ትውጣልኝ ብዬ ነው።

ከሰፌዱ ቀና ሳትል አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

«በለቅሶው ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ራጉኤል ስወጣም?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ እግሯን እስም ነበር። ምስሯን ለቅማ ጨረሰች፣ ተነሥታ ገባች። ማታ እንደ ወትሮው ራት አቀረበች፣ በልቼ ተኛሁ።

ጠዋት የደም ግፊት ክኒኗንና ውሃ ይዤላት ሄድኩ። ተቀምጣ ነበር። ብርጭቆውን ዘረጋሁላት። እጇን አላነሣችም።

«እዚያ አስቀምጪው» አለችኝ።

መስኮቱ ጥግ አስቀመጥኩት። እኔ ከክፍሉ እስክወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ ውሃውን ስትደፋውና ከእንስራው ለራሷ ስትቀዳ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፣ ስታመም አስታምማኛለች፣ ለሰውም አልነገረችብኝም። ከእጄ ግን ውሃ እንኳ ሳትቀበለኝ ሞተች።